በሦስተኛው መርፌ የቆመው ደም

ሸዋዓለም ምላሷ አያርፍም ይላል ጌጃ ሰፈር። እውነት ነው። ነገር ግን ምላሷን የሚያሙ ሰዎች ዓይኗን አያውቁም። በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። እንግሊዝኛ ያስተማራት ማንም የለም፤ ሐኪሞች የጻፉትን ካርድ መደርደሪያ ላይ ከመመለሷ በፊት መዝገበ ቃላት ገልጣ ቃል በቃል ለቀመችው።

ስትለቅም ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው። የሽንት ፊኛ ካንሰር በተጻፈባቸው ካርዶች ላይ የሰውየው ሙያ አለ፣ ሃይማኖቱ አለ፣ ቀበሌው ሳይቀር አለ። ትምባሆ ማጨሱን የጠየቀው ግን የለም። እሷ ደግሞ ካርድ ሲቀበሉ እጃቸውን ታያለች፤ የብዙዎቹ ጣት ቢጫ ነው። እናም መጠየቅ ጀመረች። «አዎ» ያለ ሰው ካርድ ጥግ ላይ በእርሳስ «ት» ትጽፋለች።

አለቃዋ አንድ ቀን አያት።

«ጓድ ሸዋዓለም፣ ይሄ ምንድን ነው? የማን ኮድ ነው?»

በዚያ በደርግ ዘመን «ኮድ» የቀልድ ቃል አልነበረም፤ ያሳስራል። ከጉድ ያወጣቻት የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ፀዳለ ናት። ካርዶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከሠላሳ አንድ ካርድ ሃያ ስድስቱ ላይ «ት» አለ።

«ወይዘሮ ሸዋዓለም፣ የጠየቁት የታመሙትን ብቻ ነው። እግሩ ተሰብሮ የመጣውንስ? እሱም እኩል የሚያጨስ ከሆነ ይሄ ቆጠራ ምንም አይነግረንም።»

ከዚያም ቁጭ ብላ አጫወተቻት። ውጭ አገር መጀመሪያ ለዚህ ካንሰር መንስኤ ነው ተብሎ የተጠረጠረው የቀለም ፋብሪካ ሥራ ነበር። ኋላ አጫሾቹን ካላጨሱት ጋር እያስተያዩ መቁጠር መጣ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥናት በጥናት ላይ ተደራርቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። የጭሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ኩላሊት ይሄድና ፊኛ ውስጥ ከሽንቱ ጋር ይጠራቀማል። ዛሬ ተመራማሪዎቹን የሚያከራክራቸው ስንት ዓመት ያጨሰ ስንት እጥፍ ይታመማል፣ ያቆመውስ ምን ያህል ይተርፋል የሚለው ነው።

ሸዋዓለም ነደዳት። ሠላሳ ዓመት! እዚህ ለማን ተነገረ? ትምባሆ ሻጩም ሐኪም ቀጣሪውም አንዱ መንግሥት ነው፤ በየስብሰባው ስለ ጤና ሲያስተምረን የሚውለው ካድሬ እንኳ በአፉ ሲጋራ እንደሰካ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩ የተሰበረውንም ትጠይቅ ጀመር።

በሰኔ 1975 ጎረቤቷ መይሙና የልብስ ጥቅል ተሸክማ ደጇ ላይ ቆመች። የልብስ ሰፊው የበከር ሚስት ናት።

«እትዬ ሸዋዓለም፣ ቁልፉን እርስዎ ዘንድ ልተወው። ወንድሜ ቤት ልሄድ ነው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጨብጥ ይዞ መጣልኝ! የፔኒሲሊን ብልቃጥ ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘሁ። ለካ ደም ሲሸና ከርሞ፣ መርፌ ወጊው ድሬሰር ዘንድ እየተደበቀ ይወጋል።»

«ሲሸና ያመዋል?»

«ምንም። በሦስተኛው መርፌ ደግሞ ቆመለት። ጨብጥ ባይሆን በፔኒሲሊን ይቆም ነበር? ደግሞም ራሱ ተናዟል! ሳያገባኝ በፊት ደሴ ላይ አንዲት ሴት ነበረች፤ ‹ሃያ ዓመት ተደብቆ የቆየ መሆን አለበት› አለኝ።»

ሸዋዓለም ነጠላዋን ከግድግዳው አነሳች። አያመውም፤ ቆመለት። እነዚህን ሁለት ቃላት ከስንት ካርድ ላይ አንብባለች! ደሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ምስጋናውን ግን መርፌው ይወስዳል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ዓመት ይቀመጣል፤ ደሙ ሲመለስ የካንሰሩ ሥር ጠልቋል። ደም ያየ ወንድ ሁሉ ከሐኪም በፊት ኃጢአቱን የሚፈልግበት አገር!

በከር ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በከር፣ ተነስ።»

«ሸዋዬ፣ አንቺም ልትሰድቢኝ መጣሽ?»

«ስድቡ ይደርስሃል። ስንት ዓመት አጨስክ?»

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ሃያ ስምንት።»

«ጨብጥ ያቃጥላል፣ መግል አለው። ሳያም መጥቶ የሚሄድ ደም ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ዶክተር ፀዳለ ዘንድ ትሄዳለህ።»

«ቆሟል እኮ!»

«እረፍት ወጥቶ ይሆናል።»

«ለሴት ሐኪም? ወላሂ አላደርገውም! ሰፈሩ ምን ይለኛል?»

«ሰፈሩማ ቀብርህ ላይ ‹ደግ ሰው ነበር› ይልልሃል።»

መይሙና ጥቅሏን እንደያዘች ተከትላ ገብታ ኖሯል። ባሏን አየችው፤ ከንፈሩ ላይ ያለውን ሲጋራ አየችው። ጥቅሉን መኪናው ሥር አኖረችው።

«ጨብጥ መሆን አለመሆኑን እኔም ልወቅ። አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ መብራት ባለው ቀጭን መሣሪያ ፊኛው ታየ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እባጭ ተገኘበት፤ በዚያው መሣሪያ ተቆርጦ ወጣ። ተመረመረ፤ ካንሰር ነው፤ ሥሩ ግን ገና አልጠለቀም። በየሦስት ወሩ እየመጣ እንዲታይ ተነገረው። ትምባሆውን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያቆም።

«ያመጣብኝ እሱ ነው?» አለ በከር።

«በአንድ ሰው ላይ ምዬ አልነግርዎትም» አለች ዶክተር ፀዳለ። «በብዙ ሺህ ሰው ላይ ግን ተቆጥሯል።»

ሲወጡ በካርድ ክፍሉ መስኮት አለፉ። በከር ካርዱን ሰጥቶ ጎንበስ አለ።

«ያቺን የምታወሪላትን ፊደልሽን ጻፊያ። ሃያ ስምንት ዓመት ብለሽ ጨምሪበት።»

ሸዋዓለም ጻፈች።

«የደሴዋንም ይጻፉልኝ!» አለች መይሙና ከኋላ።

«ለእሷ ካርድ የለንም።»

«ግድ የለም፤ እቤታችን እንጨርሳለን።» ይህን ብላ ባሏን በክንዱ ደገፈችና ይዛው ሄደች።

ቀጥሎ የተሰለፈው እግሩ በጄሶ የታሰረ ሽማግሌ ነበር።

«ስም?»

«ገብረየሱስ።»

«አባባ፣ ትምባሆ ያጨሳሉ?»

«አንቺ ሴት፣ የተሰበረው እኮ እግሬ ነው!»

«ለዚያ ነው የምጠይቅዎት» አለችና እርሳሷን አነሳች።