የሀብተ ማርያም የአፈር ሰልፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፋሪ ሞልቷል፤ ሀብተ ማርያም ግን አንድ ነው። ይህን አዘውትሮ የሚናገረው ራሱ ሀብተ ማርያም ነው፤ ሐሰት ግን አልነበረም። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ጉልበቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየጮኸ፣ አሁንም ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ሰላሳ ክንድ ይወርዳል። ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት ዱዓሌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ በማርያም፣ ሌላው በወላሂ እየማለ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ዱዓሌ ካልያዘው ግን ሀብተ ማርያም አይወርድም።

ሌላው ቆፋሪ የወጣውን አፈር እንደመጣለት ይከምራል። ሀብተ ማርያም ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ሲባጎ ይዘረጋል፤ በየሁለት ክንዱ ከሚወጣው አፈር አንዳንድ ባልዲ እያስቀረ በሲባጎው ጎን በተራ ይደረድራል። ሥራው ሲያልቅ መሬት ውስጥ ቆሞ የነበረው ሁሉ ሜዳ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ያንን ተራ የረገጠ ሰው ወዮለት። ዘመኑ ለስኳርም ለአብዮት በዓልም የሚሰለፉበት ነበርና፣ የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሀብቴ አፈሩንም ያሰልፋል» እያለ ይስቅበት ነበር።

እሱ ግን ሰልፉን ያነበዋል። ትልልቅ ድቡልቡል ድንጋይ ሲያይ «እዚህ ላይ ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ የደቻቱ ወንዝ ይህን የሚያንከባልለው ሲቆጣ ነው» ይላል። ልም አቧራ ሲመጣ «ይሄ ድርቅ ነው፤ ነፋስ ያመጣው» ይላል። የወንዝ ጠጠር ዛሬ ወንዝ በሌለበት ሰፈር እያገኘ፣ ደቻቱ እንደ ተከራይ ቤት ሲቀያይር መኖሩን ካወቀ ቆይቷል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ጠናና የሰፈሩ ቦኖ ደረቀ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቦቴ ሲጠብቁ ይውሉ ጀመር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሀብተ ማርያምን አስጠርቶ ቆፍር አለው፤ ሥራውን እንድትከታተል ደግሞ ሰርካዲስ የምትባል ወጣት የውሃ መሐንዲስ መጣች።

ሰላሳኛው ክንድ ላይ ነጭ ጭቃ ወጣ። በቆፋሪዎች ዘንድ ሕግ አለ፦ ነጭ ጭቃ ካየህ ገመድህን ጠቅልል። ጭቃው ከአለት የተፈጨ ነው፤ ከሥሩም አለቱ ራሱ አለ ተብሎ ይታመናል። ሀብተ ማርያም ይህን ከአስተማሪው ሰምቶ አንድ ቀንም ጠርጥሮት አያውቅም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዋሂል በምትባል የገጠር መንደር ነጭ ጭቃ ሲያገኝ «ደረቅ ነው» ብሎ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ አስዘግቶ ተመልሷል። የዋሂሏ አዴ ዛምዛም ወተት ልትሸጥ ቀፊራ ገበያ በመጣች ቁጥር «አንተ ደረቅ ካልክ ደረቅ ነው፤ ሌላ ቆፋሪ አልጠራንም» ትለው ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ፤ የሀብተ ማርያም ስም ከተዘጋ ጉድጓድ በላይ ውሎ ነበር። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር።

ዛሬም ወጥቶ ዱዓሌን «ጠቅልል» አለው።

ሰርካዲስ ግን የመጨረሻው ክምር ላይ ጎንበስ ብላ ጥፍር የምታክል ነገር አነሳች። «ጋሽ ሀብቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቀንድ አውጣ ቅርፊት።»

«ቀንድ አውጣ ከአለት በተፈጨ ጭቃ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሀብተ ማርያም ቅርፊቱን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላበጠው። «ተራራው ድንጋይ ውስጥ ያለው ዛጎልስ?» አላት።

«እሱ ከዚህ እጅግ ይቀድማል። ያኔ አገሩ ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ሸሽቶ ነው የብስ የሆነው። ይሄኛው ግን የኩሬ ነው።»

ሀብተ ማርያም ከሰልፉ መጀመሪያ ተነስቶ በዝግታ ተራመደ። ጠጠር፣ አቧራ፣ ጠጠር፣ አቧራ፣ ነጭ ጭቃ። በእያንዳንዱ ድርቅ ሥር አንድ እርጥብ ዘመን ተኝቷል። ኩሬም ቢሆን ከሰማይ ብቻ አይሞላም፤ ቀድሞ ወደዚያ ሲገባ የኖረ ወንዝ ነበረው። ከጭቃው ሥር ካልሆነ ያ ወንዝ ጠጠሩን የት አደረገው?

«ገመዱን ፍታ» አለ።

«አቦ! አሁን ጠቅልል አላልክም?» አለ ዱዓሌ።

«አሁን ደግሞ ፍታ እልሃለሁ።»

«ወላሂ አርጅተሃል።» እያለም ፈታ።

ነጩ ጭቃ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ዶማው ድምፁን ቀየረ፤ ጠጠር ነክቶ ነበር። ሀብተ ማርያም እግሩ ሲቀዘቅዝ ተሰማው፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ራሰ። ሲያወጡት ሰፈሩ እልል አለ፤ ሊቀመንበሩም ረጅም ንግግር አደረገ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የኮራበት ጊዜ አልነበረም። ኩራቱ ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየለትም። ዋሂል ላይ ያስዘጋው ጉድጓድ ትዝ አለው፤ ለዱዓሌም ነገረው።

«ማንም አያውቅም» አለው ዱዓሌ። «ዝም በል፤ ስምህ ይቀመጥ።»

«ስሜማ እዚያ ድንጋይ ሥር ተቀብሯል። ላወጣው ነው የምሄደው።»

በሳምንቱ ሁለቱም ዋሂል ደረሱ። ሀብተ ማርያም ሰዎቹን ሰብስቦ ኮፍያውን አወለቀ። «ይህን ጉድጓድ ደረቅ ነው ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው። እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልምልም፤ ለድካሜ ግን ምንም አልፈልግም። ልክፈተው» አለ።

አዴ ዛምዛም ትክ ብላ አየችው። በእነዚያ ዓመታት ከሩቅ ውሃ ስትሸከም ወገቧ ጎብጧል።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች።

«ዘጠኝ ዓመት» አለ እሱም፤ አንገቱን አልደፋም፣ ዓይኑንም ከዓይኗ አላነሳም።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጉድጓዱ አፍ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሀብተ ማርያም ሲባጎውን ዘረጋ።

የዋሂል ነጭ ጭቃ ስድስት ክንድ ነበር። በአምስተኛው ቀን ዱዓሌ የሳበው ባልዲ እየተንጠባጠበ መጣ። ሀብተ ማርያም ወጥቶ ያንን እርጥብ ጠጠር በገዛ እጁ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ደፋው፤ እዚያው አጠገቡም ተቀመጠ። ሕዝቡ ወደ ጉድጓዱ ሲጋፋ አዴ ዛምዛም በትሯን ይዛ ክምሮቹ ፊት ቆመች።

«በዚያ በኩል እለፉ» አለቻቸው። «የሀብቴን አፈር እንዳትረግጡ።»