የፊት ፍሬን፦ ከጅማ እስከ ሊሙ ገነት ሞተር ፍለጋ

አርብ ጠዋት፣ ጅማ

ከቤቴ የወጣሁት የመጀመሪያዬን ሞተር ሳይክል ለመምረጥ ነው። በአርባ ሁለት ዓመት ዕድሜ "የመጀመሪያዬን" ማለት ያስቃል፤ ባለቤቴ ማርታም ስቃለች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷን አኮስትራ "ናስር እሺ ያላለውን እንዳትገዛ" አለችኝ።

ሥራዬ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ለቀማ በደረሰበት ሰዓት አንድ ማሽን ለግማሽ ቀን ከቆመ እሸቱ በጆንያ ውስጥ እንዳለ መሽተት ይጀምራል፣ የገበሬውም ድካም መና ይቀራል። በአጋሮና በሊሙ ገነት መካከል ያሉትን ስድስት የመፈልፈያ ጣቢያዎች ይዞ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ደረጄ ነው። የሁለታችንም አባቶች ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ የምናመልከውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ደረጄ ባለፈው የካቲት ወደ ጣቢያዎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ከነሞተሩ ገደል ገብቶ ሞተ።

አሁን ጥቅምት ነው። ስድስቱ ጣቢያዎች ለእኔ ተሰጥተዋል፤ በሚኒባስና በሰው ሞተር ጀርባ ደግሞ አይዳረሱም። ሞተር ካልገዛሁ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ከገዛሁ ደረጄ በሞተበት ቁልቁለት በየሳምንቱ እወርዳለሁ። ስለዚህ የምፈልገው አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም ችሎ ወደ ቤቴ የሚመልሰኝ ሞተር ነበር። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን ለማንም አልደበቅኩም።

ናስር የጅማ ልጅ ነው፣ የሞተር መካኒክ። አማርኛና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ ሲናገር አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ለማወቅ ይከብዳል። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ማርታ ያመነችውም ለዚህ ነው። በእሱ ሞተር፣ እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ፣ መጀመሪያ ወደ ሰርቦ አመራን።

ሰርቦ

መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ቶሎ ደረስን። በአንዲት ቁርስ ቤት እንቁላል ፍርፍር በልተን ሻጩን አገኘነው፤ ወጣት አስተማሪ ነው። ሞተሩ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን ጎማ ያለው፣ መለዋወጫው ጅማ በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ነው። ስቀመጥበት ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረገጡ፤ ልቤም አብሮ ረጋ። አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳሁት፣ ምንም አላስቸገረኝ። ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ስገባ ግን መሪው በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሆዱም ድንጋይ መታ።

ናስር ተንበርክኮ ከሥር አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"አይ ማቲ፣ ለአስፋልት አሪፍ ነው። ላንተ መንገድ ግን ሆዱ መሬት ይልሳል። ትወስደዋለህ ካልክ መጀመሪያ የፊቱን እፈታልሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዱዓ ነው።"

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በእኛ በኩል ሞተር የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የፊት ፍሬኑን ማስፈታት ነው። የፊት ፍሬን ጠጠር ላይ ይጥላል ይባላል። ጭቃ ላይ ፍሬን ይዞ አፍንጫው የተላጠ ሰው ለአሥር ሰው ይናገራል፣ አሥሩም ወደ መካኒክ ይሄዳሉ። መካኒኩ ሽቦውን ይፈታል፣ እጀታው መሪው ላይ ለወጉ ይቀራል፣ ነጂው ከዚያ ወዲያ በእግሩ የኋላውን ብቻ ይረግጣል። ናስር ለዚህ ሥራ ገንዘብ አይቀበልም። የሰው ነፍስ ማትረፊያ ስለሆነ ሰደቃ ነው ይላል። እኔም አምንበት ነበር፤ ከማመንም አልፌ ለሰው መክሬበታለሁ።

አርብ ከሰዓት፣ አጋሮ

ወደ ጅማ ተመልሰን፣ ናስር ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ወደ አጋሮ ቀጠልን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ቀይ ፍሬ "ፍጠን" የሚለኝ መሰለኝ።

አጋሮ ላይ ሞተር የሚሸጡት ሐጂ ጀማል የሚባሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ከአዲስ አበባ አምጥቶት ጥሎት የሄደ ትልቅ ሞተር ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል። የንፋስ መከላከያ መስታወት አለው፣ በሁለቱም ጎኑ የብረት ሳጥን አለው፤ ፎቶ ላይ እንደምናየው የሩቅ አገር ተጓዥ ሞተር ነው። እውነቱን ለመናገር አፌ ተከፈተ። የመፍቻ ሣጥኔን በአንዱ ጎን፣ መለዋወጫውን በሌላው ጭኜ ጣቢያ ስገባ ታየኝ።

በጓሮው ልዞርበት ስሞክር ሞተሩ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ በእግሬ ልደግፈው ብል አቃተኝ፣ ተጋደመ። እኔና ናስር ተጋግዘንም አልተነሳም። ሐጂ ጀማል ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው ሦስተኛ ሆነው ገቡበት፣ ያኔ ተነሳ።

"ጫካ መሐል ብቻህን ሳለህ ቢወድቅ ማን ያነሳልሃል፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ማንም የለም፣ ሐጂ።"

"እንግዲያስ ወላሂ ላንተ አልሸጠውም።"

"እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ" አልኩ፤ በልቤ ግን ተከፋሁ።

ናስርም የራሱ ምክንያት ነበረው። የፊትና የኋላ ፍሬኑ በአንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን በኩል የተያያዘ ነው። "ይሄ አይፈታም" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። "የማይፈታ ነገር ይዘህ የሊሙን መንገድ አትገባም።" የዚያን ዕለት ይህ በጣም ትክክለኛ ምክር መስሎኝ ነበር። አጋሮ አደርን። ፍራሹ መሐሉ ስለጎደጎደ ጎኔ ሲያመኝ ነጋ።

ቅዳሜ፣ ወደ ሊሙ ገነት

ከአጋሮ ጨጨብሳ በልተን ተነሳን። አስፋልቱን ለቀን የገጠሩን መንገድ ስንይዝ ጠጠሩ ይጀምራል። ክረምቱ ጠርጎት የሄደው ቦታ ድንጋዩ አግጧል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ጭቃው ገና አልደረቀም። ቡና የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ዳር ይዘን እንቆማለን፣ ጭቃውን ረጭቶብን ያልፋል። ከኋላ ተቀምጬ የማደርገው ነገር ስለሌለኝ እያንዳንዱን ኩርባ እቆጥር ነበር።

ደረጄ የሞተበት ቁልቁለት ሥር ስንደርስ ናስር ድልድዩን አልፎ ሞተሩን አጠፋ። ከሊሙ ገነት ለሚመጣ ሰው መንገዱ ከፍ ካለ ጫካ ወደ ወንዙ በቀጥታ ይወርድና ከድልድዩ በፊት በድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። በቀኝ በኩል ገደል ነው። ናስር እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ።

የካቲት ላይ የደረጄን አስከሬን ከዚህ ገደል ካወጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ያኔ መንገዱ ደረቅ ነበር። ጠጠሩ ላይ ጎማ የጎተተው አንድ መስመር ከኩርባው በላይ ጀምሮ እስከ ገደሉ ጠርዝ ሳይቋረጥ ይሄድ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ አይቶት "በፍጥነት ነው" አለ። እኔም በፍጥነት ነው አልኩ። ለባለቤቱ ለብርቄ የነገርኳትም ይህንኑ ነው።

ሊሙ ገነት

ሦስተኛው ሻጭ ጌቱ ይባላል፤ ወደ ሌላ ዞን የተዛወረ የግብርና ባለሙያ ነው። ሞተሩን ሳየው ሌሎቹን ረሳኋቸው። ከፍ ያለ ነው ግን ቀላል፤ ብጋድመው ብቻዬን አነሳዋለሁ፣ ሞክሬም አንስቼዋለሁ። ስቀመጥበት የእግሬ ጣቶች መሬት ይነካሉ። የፊት ቸርኬው ትልቅና ባለ ሽቦ ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው እንደ ድፍኑ አይሰነጠቅም። ከሆዱ ሥር ብረት አለበት። ዋጋው ከሰርቦው ይበልጣል፣ ከአጋሮው በብዙ ያንሳል።

ናስር አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው።

"አልሃምዱሊላህ፣ ይሄ ነው። ማቲ፣ አገኘህ።" ከዚያም ከሣጥኑ መፍቻ አወጣ። "የፊቱን እዚሁ ላውጣልህና ትሄዳለህ።"

"ቆይ፣ ምኑን ነው የምታወጣው?" አለ ጌቱ።

"የፊት ፍሬኑን ነዋ።"

"እሱን ከፈታህ ሽያጭ የለም።"

ናስር ሳቀ። ጌቱ ግን አልሳቀም። ሞተሩን ራሱ እየነዳ ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳማ የጠጠር መንገድ ወሰደን፣ በጫማው ተረከዝ መሬቱን ጫረ። "በሦስተኛ ማርሽ ና። እዚህ ጭረት ላይ ስትደርስ የኋላውን ብቻ ርገጥ" አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ እየተንሸራተተ ሄደ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ ቆመ። ጌቱ በእርምጃ ለካው፤ አርባ አንድ።

"አሁን ሁለቱንም። የፊቱን ባንዴ አትጨብጠው፣ ቀስ እያልክ አጥብቀው። ሰው የሚወድቀው እየታጠፈ ሲጨብጠው ነው፤ ከኩርባው በፊት ጨርሰህ ልቀቅ።"

ቀስ እያልኩ አጠበቅኩት። እወድቃለሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አልወደቅኩም። ሃያ ሦስት እርምጃ።

ናስር መጣና ሞተሩን ተቀበለኝ። ሦስት ጊዜ በኋላው ብቻ፣ ሦስት ጊዜ በሁለቱም አቆመ። ራሱ ለካ፣ ደግሞ ለካ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ የቀረውን መስመር ቁልቁል እያየ ቆመ። የኋላ ጎማ ብቻውን ሲቆለፍ የሚተወው አንድ ረጅም መስመር ነው። እኔም አየሁት፣ የት እንዳየሁትም አስታወስኩ።

"ደረጄ የሞተበት ቦታ የነበረውም መስመር እንዲህ ነበር" አልኩት።

"የሱን የፈታሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ያመጣሁልህ እኔ ነኝ።"

ከሞተበት ዓመት በፊት በነበረው ክረምት ደረጄ ከኋላው አስቀምጦኝ ስንሄድ ጭቃ ኩርባ ላይ የፊቱን ጨበጠና ወደቅን፣ ክርኔ ተላጠ። ተቆጣሁ። "አስፈታው፣ ይሄ ነገር ይገድልሃል" ብዬ በማግስቱ ናስር ጋ ወሰድኩት። ሻይ እስክንጠጣ ድረስ ሥራው አለቀ። ስንወጣ ናስር "በሰላም ያኑርህ" ብሎ መርቆት ነበር።

ናስር መርዶ እንደሰማ ሰው "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብሎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ጌቱ ምን እንደሆንን ስላልገባው ውሃ አምጥቶ ሰጠን።

"ስንቱን ፈታሁ፣ ማቲ" አለ ናስር ቆይቶ። "ሰደቃ ብዬ። አንድ ሳንቲም ሳልቀበል።"

አይዞህ ልለው ፈልጌ ነበር፤ እኔንም አይዞህ የሚለኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወደ ቤት

ሞተሩን ገዛሁት። ናስር መፍቻውን ወደ ሣጥኑ መለሰ፣ "ውሰደው" አለኝ። በየሞተራችን፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ቁልቁለቱ አናት ላይ ናስር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ቁልቁለቱንም ሞተሩን እየገፋ በእግሩ ተጓዘ፤ የራሱም የፊት ፍሬን የተፈታ ነው። እኔ ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ያዝኩ፣ ሞተሩ ታዘዘኝ፣ ለቅቄ ታጠፍኩ። ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እዚያ ቦታ ማቆም ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ።

የመጀመሪያ ሞተሩን ለአስፋልትና ለኮረኮንች ለሚመርጥ ሰው የምነግረው ይህ ነው። ብቻህን የማታነሳውን አትግዛ። መለዋወጫው በቅርብህ ይገኝ። ፎቶ ላይ የሚያምረውን ተወው። ሁለቱንም ፍሬን ይዘህ፣ ባዶ መንገድ ፈልገህ፣ ራስህ ሞክረህ ለካ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ቢሆንም ለካው። እኔና ናስር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያየነውን ማንኛችንም በፈለግነው ቀን ማየት እንችል ነበር።

ማርታ ደጃፉ ላይ ተቀበለችኝ። ሞተሩን ዞራ አየችው፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። "ይሄ ለእኔ የሚነገር አይደለም" አለችኝ። "ለብርቄ ነው።"

እሁድ ከሰዓት፣ ጅማ

ብርቄ ቤቷ በር ላይ ሽንኩርትና ሳሙና የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ሁለታችንን አንድ ላይ ስታይ የምትለቅመውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ናስር መቀመጥ አልፈለገም።

"እህቴ፣ የደረጄን የፊት ፍሬን የፈታሁት እኔ ነኝ። ባልፈታው ኖሮ ሞተሩ ሊቆምለት ይችል ነበር።"

"አስፈታው ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "በፍጥነት ነው የሞተው ያልኩሽም እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር፤ ግን ብዬሻለሁ።"

ብርቄ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እንድትጮህብን እየጠበቅኩ ነበር።

"ፍሬን ይዞ ነበር ማለት ነው?"

"ከኩርባው በላይ ጀምሮ ይዟል።"

"ሊቆም ፈልጎ ነበር።"

"አዎ።"

"እኔ ከቀብሩ ወዲህ መቃብሩ ሄጄ አላውቅም" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ሦስት ልጅ ይዤ ልቅር፣ እሱ ለሩጫ ይሙት? ብዬ ተቀይሜው። ልጆቹ ሲጠይቁኝም አባታችሁ ችኩል ነበር እላቸዋለሁ።"

ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች፣ የሱቁን በር ቆለፈች።

"እናንተን ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ዛሬ አትጠይቁኝ።"

ናስር ባጃጅ ልጥራ አላት፤ አልፈለገችም። ወደ ደረጄ መቃብር የሚወስደውን መንገድ ይዛ በእግሯ ሄደች። እኔና ናስር ሞተሩን እዚያው ትተን፣ እንዳትቆጣን እየፈራን፣ ከሩቅ ተከተልናት።