ጭሰኛው አባታችን

ወንድሜ አባታችንን የካደው በጽሑፍ ነው። ሐዋርያው በእሳቱ ዳር ሦስት ጊዜ ቢክድ በአፉ ነበር፤ የአፍ ቃል በእንባ ይታጠባል። ወንድሜ ግን ካርቦን ወረቀት አስገብቶ፣ በሦስት ቅጂ ካደና ፈረመበት። እኔም ታላቁ ስሆን ያን ወረቀት አንብቤ ዝም ያልሁ ነኝና፣ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ቤታችን ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ተራራ ሥር ነበር። አባታችን በተራራው ላይ ባለው ደብር አርባ ዓመት ያገለገሉ ቄስ ናቸው። እኔ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ዜማና ቅኔ ስማር፣ ታናሼ ደሴ ወጥቶ ዘመናዊውን ትምህርት ተማረ። ከዚያም እዚያው ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየ፤ ሚስት አገባ። ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገት ነው፤ ሰው ሲወጣ ይደክመዋል። ቁልቁለቱ የከበደውን ሰው ያየሁት ወንድሜን ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ እኛ መውረድ አቃተው።

ዘመኑ ፓርቲ ሊመሠረት ሽር ጉድ የሚባልበት ነበር። እጩ አባል መሆን የሚሻ ሁሉ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል፤ ለቄስ ልጅም በሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ ወንድሜ «በጨካኝ ባላባት መሬት ላይ ሲማቅቅ የኖረ የጭሰኛ ልጅ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ኮሚቴው «ግሩም ነው፤ አባትህ ቀርበው ያረጋግጡ» አለው። ያን ጊዜ ቁልቁለቱ ቀለለው። አንድ አሮጌ ጋቢ በብብቱ ሸጉጦ ከተፍ አለ።

«አባባ፣ ለነገው ይህን ይልበሱልኝ።»

አባታችን ጋቢውን አገላብጠው አዩት። «የማን ነው?»

«ሰኞ ገበያ ገዛሁት።»

«የተቀደደ ጋቢ በገንዘብ? ደሴ እንዲህ ጠግባለች?»

ወንድሜ አልሳቀም። «ጥምጣምዎንም ያወልቁታል። ሲጠይቁዎት ጭሰኛ ነኝ ይበሉ፤ ሌላ አይጨምሩ።»

«ልጅህ ስንት ቀን ሆነው?» አሉ አባታችን።

ወንድሜ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። በሥርዓታችን ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል።

«በአርባው ቀን ልጁን ታመጣልኛለህ፤ አንተም አጠገቡ ትቆማለህ። እኔም ጭሰኛ ነኝ እልልሃለሁ» አሉት።

«ልጁ ይምጣ። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስረግጥ ከታየሁ አለቀልኝ።»

«አባት እያለው እንደ ሙት ልጅ ይጠመቅ?»

ወንድሜ ጋቢውን ወደ እርሳቸው ገፋ አደረገው። አባታችንም አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

በማግሥቱ ሦስታችን ደሴ ወጣን። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሊቀ መንበሩ ሰማያዊ ካኪ የለበሰ፣ ከእኔ የሚያንስ ጎልማሳ ነበር። እኔ ለአባታችን ድጋፍ ተብዬ ከግድግዳው ሥር ቆምሁ።

«ጓድ አባት፣ ጭሰኛ ነበሩ?»

«ነበርሁ? ነኝ እንጂ። አርባ ዓመት ጭስ ውስጥ ቆሜያለሁ። ዓይኔን ያፈዘዘው እርሱ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ጻፈ። እኔ ግን ጽናው ታየኝ፤ አባታችን ዕጣኑን እያጤሱ መቅደሱን ሲዞሩ።

«ባላባቱ ከምርትዎ ስንት ይወስድ ነበር?»

«ከአሥር አንድ። ሲሻው ልጅም ይወስዳል። ከእኔ ሦስት ወስዷል።»

«ልጅ?» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳ ደረሰ። ሦስቱ ከወንድሜ በፊት በፈንጣጣ ያለቁት ናቸው። «ቤቱ የት ነው?»

«ከተራራው ላይ። ከዚያ ሆኖ ሁሉን ያያል።»

«መሬት ሲወረስ አልሸሸም?»

«ወዴት ይሸሻል? ምድሩ ሁሉ የእርሱ ነው።»

«እና አሁንም አለ?»

«አለ። ትናንትም ሳገለግለው ነው የዋልሁ።»

በዚያ በደሴ ብርድ የወንድሜ ግንባር ላብ አቸፈቸፈ። በቅኔ ቤት ይህ ሰምና ወርቅ ይባላል። ኮሚቴው ሰሙን ተቀብሎ ማኅተም አተመበት፤ ወርቁን አባታችን ይዘውት ወረዱ።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። የሰው ልጅ የሚቀማ ባላባት በአብዮቱ ዘመን ተራራ ላይ ተደላድሎ ይኑር? እንዲያዝ ተወሰነ። ለአሰሳውም ከተበዳዩ ልጅ የተሻለ ሰው አልተገኘም። ሊቀ መንበሩ ወንድሜን «በእሁድ ማለዳ ድረስበት፤ አድኃሪ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም» አለው። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሰነበተና ትእዛዙ ሕፃኑ አርባ ቀን ለሚሞላበት እሁድ ወጣ። ይህን አጋጣሚ የሚል አለ፤ እኔ ባደግሁበት ቤት ያ ቃል አይታወቅም።

ሕፃኑ በዋዜማው መጣ። ከእናቱ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ያወረደችው አንዲት እስላም ጎረቤታቸው ናት፤ በጀርባዋ አዝላ።

«እኔ ያዘልሁትን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?» አለች። «ወላሂ፣ እስከ ደጁ አደርሰዋለሁ፤ ከደጁ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው።»

«አባቱስ?» አሉ አባታችን።

የልጁ እናት አንገቷን ደፋች። «ለሥራ ታዝዣለሁ ብሏል።»

እሁድ ማለዳ ጸሎቱ ተጀምሮ ሳለ ወንድሜ ካኪውን እንደ ለበሰ ከአጥሩ ደጅ ደረሰ። ከእኛው ገበሬ ማኅበር ሁለት ታጣቂዎች ተሰጥተውታል፤ ሁለቱም የአባታችን የንስሐ ልጆች ናቸው። ባላባቱ ማን እንደሆነ ገና ከሥር ሲነሡ ገብቷቸው ነበር፤ ግን ታዘዙ እንጂ ማን ጠየቃቸው? ጠመንጃቸውን ከወይራው አስደግፈው ጫማቸውን አወለቁ።

«ጓድ፣ ከተራራው ላይ ያለው ቤት ይኸው ነው» አለ አንደኛው። «አይገቡም?»

ወንድሜ ወደ ኋላው አየ። ከዚያ ሌላ ቤት አልነበረም።

አባታችን መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወደ ደጁ መጡ። «ጌታዬን ፈልገህ ከሆነ አለ። ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉት።

አወለቀ። የቀኝ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ያ ቀዳዳ ከሰኞ ገበያ የተገዛ አልነበረም። ሚስቱ ልጁን አቀበለችው፤ እስኪጠመቅ ድረስም አጠገቡ ቆመ። ውኃው ሲፈስ ልጁ ጮኸ፤ የካኪውም ደረት ራሰ።

ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ካብ ላይ ተቀምጦ፣ ካርቦኑን አስገብቶ ሪፖርቱን ጻፈ። አባታችን «አንብብልኝ» አሉት።

«በተጠቆመው ተራራ ላይ አሰሳ ተደርጓል። የባላባቱ ቤት ተገኝቷል። ባለቤቱን ግን በዓይን ማየት አልተቻለም።»

«ይህኛው እንኳ እውነት ነው» አሉት። «ፈርምበት።»