እትዬ አስካለ ወደ መሬት የመለሷቸው ዳሊያዎች

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ለማረም ነው። እትዬ አስካለ ባለፈው ጥር አረፉ። በለቅሶው ድንኳን ከተቀመጡት የድሮ ጎረቤቶቻችን አንዷ፣ «ነፍሷን ይማርና፣ አበባዋን በጣሳ ተክላ እኛን አስነቀለችን እኮ» አሉ። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለቅሶ ሲረዝም እንዲህ ያለ ጨዋታ ይመጣል። እውነት ግን አልነበረም። እውነቱን ከሚያውቁት የሚበዙት አልፈዋል፤ የቀሩትም ረስተውታል። ስለዚህ በልጅነቴ ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው ቀጭን መንገድ ዳር ነበር። በአንድ በር የምንገባ፣ ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ስምንት ቤት ነበርን። ከበሩ እስከ ቧንቧው ባለው መተላለፊያ ዳር፣ በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የታጠረች ጠባብ መደብ ነበረች። የእትዬ አስካለ ዳሊያዎች የሚበቅሉት እዚያ ነው። ከልጅ ጉልበት እምብዛም የማያልፉ፣ ድጋፍ እንጨት የማይፈልጉ፣ የሐምሌ በረዶ የማይሰብራቸው አጫጭር ዳሊያዎች ነበሩ። ቀለማቸው እንደ በሰለ ቃሪያ የጠቆረ ቀይ ነው። አበባው አይሸትም፤ የሚሸተው ቅጠሉ ነው። እትዬ አስካለ የመሐሉን ቀንበጥ በጥፍራቸው ሲቀነጥሱ፣ መራራና እርጥብ ሽታ ጣቶቻቸው ላይ ይቀር ነበር። ጫፉ ያልተቀነጠሰ ዳሊያ ሽቅብ ማደግ እንጂ ወደ ጎን መስፋት አያውቅም ይሉ ነበር።

የሁሉም እናት አንዲት ሥር ነበረች። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ በአትክልተኝነት ካገለገሉበት ትልቅ ግቢ፣ ሥራቸውን በለቀቁ ዕለት በኮታቸው ኪስ ይዘዋት መጡ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። እትዬ አስካለ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ግንዱ ሲደርቅ፣ ስኳር ድንች የሚመስለውን ሥር ቆፍረው ያወጣሉ፤ ከፋፍለው በደረቅ አመድ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ግንቦት ልደታ ሲደርስ ወደ መሬት ይመልሱታል። «የወልዴ ዘር» ነበር የሚሏቸው። እኛ ልጆች ኳሳችን መደቧ ላይ ሲያርፍ እንኳ ለማንሣት ፈቃድ እንጠይቅ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት፣ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ትርጉሙን የጠየቃቸው አልነበረም። ከተክለ ሃይማኖት በኩል ያለው መንደር መፍረስ ጀምሮ ስለነበር ሁሉም ያውቀዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠዋት የነበረ ሱቅ ከሰዓት አይኖርም፤ በምትኩ ሰማይ ይታያል። አቧራው በየማታው እየቀረበ መጣ። አዋቂዎቹ ስለ ሌላው ሰፈር እንጂ ስለ እኛ አይናገሩም ነበር፤ ስሙን ካልጠሩት የሚያልፋቸው ይመስል። እኛ ልጆች ደግሞ ብይ መጫወት ትተን ከጭቃ ቤት መሥራት፣ በከሰል ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያ በእግር መደርመስ ለመድን። እናቴ አንድ ቀን አይታኝ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት እጇን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ለምን እንደመታችኝም አልነገረችኝም።

ግንቦት ልደታ ደረሰች። በሰፈራችን የዚያች ዕለት ማዕድ ከደጅ ነው፤ ከበሩ ፊት እሳት ይነድዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ከወሎ የመጡት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ሙስሊም ቢሆኑም፣ ሥጋ የሌለበት ማዕድ ስለሆነ ከነቤተሰባቸው አብረውን ይቀመጣሉ። ሲመረቅ ከሁሉ አስበልጠው «አሚን» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ምርቃቱ ከመጀመሩ በፊት የሁሉም ዓይን ወደ መተላለፊያው ሄደ። መደቧ ባዶ ነበረች። ከጎኗ የዘይት ቆርቆሮ፣ የወተት ጣሳ፣ ከወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውሃ እንዳያቁሩ ሁሉም ከታች በምስማር ተበስተዋል። ሃያ አንድ ነበሩ። የወልዴ ዘር በሙሉ ከአመዱ ወጥቶ፣ በጣሳ ተተክሎ ለመንገድ ተዘጋጅቷል።

ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ነገሩን በቀልድ ሊያልፉት ሞከሩ። «አስኩ፣ ዘንድሮ አበቦቹ ጓዛቸውን ሸከፉ ልበል?» አሉ። የሳቀ አልነበረም።

የግቢያችን ታላቅ እማማ በላይነሽ ነበሩ። ተወልደው፣ ተድረው፣ የሁለት ልጆቻቸውን አስከሬን የሸኙት ከዚያው ግቢ ነው። በእጃቸው የያዙትን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሱ።

«አስካለ፣ ቤት ያለው ሰው በጣሳ አይተክልም» አሉ በዝግታ። «በዛሬ ቀን የተደረገ ዓመቱን ይከተላል። ምን እያሟረትሽብን ነው?»

«እማማ፣ እንስራዋን የሞላች ሴት እሳት ጠራች ይባላል?»

«ይባላል» አሉ እማማ በላይነሽ።

እትዬ አስካለ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ። የበሩን ቁጥር ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል። ሰባት ቤት የእሳቸውን እጅ ይጠብቅ ነበር፤ እሳቸው እንደ ነዋሪ ከተከሉ ሁላችንም እንደምንኖር፣ እንደ ተጓዥ ከተከሉ ሁላችንም እንደምንሄድ ያመነ ይመስል። ተነሡ። በነጭ የበዓል ልብሳቸው ተንበርክከው እያንዳንዱን ሥር ከየጣሳው አውጥተው ወደ መደቧ መለሱ። ማንም አላገዛቸውም፤ ማንም ደግሞ ዓይኑን ከእሳቸው ላይ አላነሣም። የመጨረሻውን አፈር በእጃቸው ጠቅጥቀው ሲጨርሱ ብቻ እማማ በላይነሽ ምርቃቱን ጀመሩ። ባዶዎቹ ጣሳዎች ከቧንቧው ጀርባ ተቆለሉ።

ያ ክረምት እንደ ሌላው ክረምት አልነበረም። ዳሊያዎቹ ከመቼውም ጊዜ በላይ አበቡ። ቅጠል እስከማይታይ ድረስ መደቧ ቀላች። እማማ በላይነሽ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው ያማትባሉ፤ መሬቱ ተቀብሎናል ይላሉ። እናቴም ፊቷ ፈታ አለ። በአበቦቹ ያልተደሰቱት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። ከጎረቤት ፍርስራሽ የሚመጣውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ከቅጠሉ ላይ እየጠረጉ፣ «ያልለመደበትን ሲያበዛ አልወድለትም» ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚያው ሳምንት ከግራችን ያለው ግቢ ጣሪያው ተገፈፈ። ዝናቡ በሰው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሲወርድ በአጥራችን ቀዳዳ በኩል ይታይ ነበር፤ ግድግዳው ላይ አሁንም የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

ተራችን የደረሰው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ምትክ ቤት ለየቤተሰቡ በየአቅጣጫው ደርሶ ስለነበር አብሮ የሚሄድ አልነበረም። አይሱዙው ሲቆም እትዬ አስካለ ቁምሣጥናቸውን እንኳ ገና አላወጡም፤ መደቧ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ አበቦቹን በሙሉ ቆረጡ። ሥሩ ነፍስ ይዞ እንዲቆይ አበባው መሄድ ነበረበት። የተቆረጠው ቀይ ክምር ደጃፉ ላይ ተከመረ፤ ዕቃ የሚያወጣው ሁሉ እሱን እየረገጠ ወጣ። ከዚያ መቆፈር ያዙ። ጭቃው ከሥሩ እየተላቀቀ ይወርድ ነበር። ሥሮቹ ገና ለጋ ናቸው፤ ውሃ ያዘሉ፣ በጣት የሚሰበሩ። በጣሳ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ከነአፈራቸው ይነሡ ነበር።

ይህን ያን ጊዜ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ሳያስብ አልቀረም። እማማ በላይነሽ ግድግዳ እየያዙ ወደ ቧንቧው ጀርባ ሄደው፣ የዛገ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ጋሽ ሰይድ ተከተሉ፤ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ግንቦት ላይ ያስጣሏቸውን ጣሳዎች ነሐሴ ላይ አንድ በአንድ አቀበሏቸው።

«ይቺን በእጄ ልያዛት» አሉ እማማ በላይነሽ።

«ይያዙልኝ፣ እማማ» አሉ እትዬ አስካለ።

በየመኪናው ላይ፣ በየሰዉ እቅፍ፣ አበባ የሌለው ግንድ የተተከለበት ጣሳ ተጭኖ ከግቢው ወጣን። በሰው ልብ የቀረው ይህ የመጨረሻው ምስል ይመስለኛል፤ ጣሳው ቀረ፣ መመለሱ ተረሳ። እኛ የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ ነበር። የያዝናት ዳሊያ ፀሐይ በማይደርስበት ኮሪደር ላይ ሁለት ቅጠል አውጥታ ጠወለገች። ጥቅምት ላይ እናቴ ሥሯን ብታወጣው በስብሶ በእጇ ላይ ፈሰሰ። የሌሎቹም እንዲያው ሆነ። እትዬ አስካለን ከዚያ በኋላ በየዓመት በዓሉ እንጠይቃቸው ነበር። በረንዳቸው ላይ ምንም አልተከሉም። ስለዚያች የግንቦት ቀን አንድም ጊዜ አላነሡም፤ በቀልድም እንኳ።

አሁን ለጉዳይ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ስሄድ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ቧንቧችን የነበረበት ቦታ የፎቅ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። በእግረኛው መንገድ ዳር ትልልቅ የሲሚንቶ ማስቀመጫዎች ተደርድረዋል፤ አጫጭር ቀይ ዳሊያዎች ተተክለውባቸዋል። ያማሩ ናቸው፤ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አበባቸው ሲረግፍ መኪና መጥቶ ይወስዳቸውና በሌላ ይተካሉ። ሥራቸው ደርሶ፣ ተቆፍሮ፣ አመድ ውስጥ የሚያድርበት ታኅሣሥ የላቸውም። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ቅጠል ቀንጥሼ አሸተትኩት። ሽታው ያው ነው።

ስለዚህ እትዬ አስካለ ማንንም አላስነቀሉም። እንዳንነቀል ብለው የባላቸውን ዘር ወደ መሬት መለሱ።

ስምንት ቤት። አንድ ቧንቧ። ሃያ አንድ ዳሊያ።