አጥሩን ያጎበጠው አበባ ጎመን

ከአክስቴ ጋር እኖርበት በነበረው ቤት በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው በሩን አይደለም፤ የጓሮውን የቆርቆሮ አጥር ነው። ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ወደ ጎረቤት ገፋ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያን ጉብታ ሳይ ዛሬም ልቤ ይመታል።

አክስቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰው ሲጠራት «ሃሎ» ብላ ስለምትዞር ሰፈሩ «እትዬ ሃሎ» አላት። ዕድሜዋን መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ፣ በመጨረሻ የፈለገችው ፀሐይ ላይ መዋልና አበባ ጎመን ማብቀል ነበር። ጥቅል ጎመን ወጥቶላታል። ቅጠል ጎመንማ ከእሷ አልፎ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። አበባ ጎመን ግን እሺ አላላትም። አንዴ ትል ጨረሰባት፣ አንዴ ሙቀት መታባት።

ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በያጅ ነው። ቤቱ የወላጆቻቸው ስለሆነ ጓሮው የእሱም ነው፤ እዚያ ላይ ወርክሾፕ ለመሥራት ከተመኘ ቆይቷል። ያን ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል መጣና፣ ራሱ ካቆመው አጥር ሥር ቆሞ ቁርጡን ነገራት።

«እትዬ፣ በለመንሽኝ ቁጥር ስተውልሽ ከረምኩ። ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ። አጥሩ ውስጥ አንዲት ነጭ አበባ ካየሁ ጓሮው ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካላየሁ ግን መሠረት አስቆፍራለሁ።»

«አንዲት ብቻ?»

«አንዲት።»

«መስመር ላይ ይቆዩ» አለችውና ወደ ችግኞቿ ሄደች።

የጎመን ዘር ችግኝ ሲወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ አበባውን ከቅጠሉ መለየት ይቸግራል። ስለዚህ አክስቴ፣ ድሮ የስልክ ገመዶቿን በቀለም ትለይ እንደነበረው፣ የወተት ጣሳዎቹን በክር ለየቻቸው፤ ነጭ ክር ለአበባ ጎመን፣ አረንጓዴ ክር ለቅጠል ጎመን። ቅጠል ጎመኖቹን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደረደረች። አበባ ጎመኖቹን ግን እንዳይጠወልጉባት ከሚያንጠባጥበው የግቢ ቧንቧ ሥር አስቀመጠቻቸው። አንድ ቀን ድንገተኛ በረዶ ሲመጣ እኔና እሷ ሁሉንም በአንድ ላይ አፍሰን በረንዳ አስገባን። ለመትከል ስትነሳ የሚለያቸው ክሩ ብቻ ነበር።

ነጭ ክር የታሰረባቸውን ምርጡ መደብ ላይ ተከለቻቸው። አረንጓዴዎቹን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ለጎረቤቷ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠች። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ጋሼ መቀስ» ይለዋል።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጠዋት ዓይኗን ሳትታጠብ ትል ትለቅማለች፤ ማታ አፈር ትኮተኩታለች። አበባውን ፀሐይ እንዳያበልዘው ብላ፣ ገና ብቅ ሳይል፣ የየተክሉን ቅጠሎች ወደ መሃል ሰብስባ ከየጣሳው ባወለቀችው በዚያው ክር አሰረቻቸው። እኔ ገለጥ አድርገን እንይ ስላት እጄን መታ ታደርገኛለች። «የሰው መስመር አይጠለፍም» ትለኛለች። ግን ራሷ ጆሮዋን አስጠግታ ስታዳምጥ ይዣታለሁ።

ጋሼ መቀስ ከማዶ ያማርራል። «እትዬ ሃሎ፣ ይሄ የሰጠሽኝ ጎመን ምን ዓይነት ነው? ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይበስልም። ጫማ ነው እንዴ?»

«አንተ ነህ አላግባብ የላጨኸው።»

«የላጨሁት ሁሉ ያምርበታል። ይሄ ብቻ ነው ያሳፈረኝ።»

ዝናቡ አባራ። አጎቴ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚመጣ ላከ። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ እጇን ታጥባ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ የመጀመሪያውን ክር ፈታች። ቅጠሉ ተከፈተ። ውስጡ ሌላ ቅጠል፣ ጨለማ ውስጥ ኖሮ የገረጣ። ሁለተኛውን ፈታች። ቅጠል። እስከ መደቡ ጫፍ ደረሰች፤ ሁሉም ቅጠል ጎመን ነው። አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ነው ጋሼ መቀስ ከማዶ የተጣራው።

«እትዬ ሃሎ፣ ጎመንሽ በሽታ አለው። አንዱ መሃሉ ላይ ነጭ ዕባጭ አውጥቷል። ወደ ሌላው ሳይጋባ ልነቅለው ነው።»

አክስቴ ቀና አለች። ወደ እኔ ዞራ የተፈታውን ክር ዘረጋችልኝ። ላዩ ከጭቃው በቀር ነጭ ነው፤ ከጣሳው ጊዜ የቀረው ቋጠሮ ውስጥ ግን፣ ፀሐይ ያልደረሰበት፣ አረንጓዴ። የመስኮቱ ፀሐይ አረንጓዴውን አንጥቶታል፤ የቧንቧው ጠብታም ነጩን አሻግቶ አረንጓዴ አድርጎታል።

«አትንካው» አለች፤ ከዚያ በነጠላ ጫማ ሮጠች። የእሱ በር በሌላው መንገድ ነው፤ ዙሪያውን መዞር አለባት። እኔ በምስማር ቀዳዳ እያየሁ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ እስክትደርስ» እላለሁ። እሱ ተክሉን አንገቱ ላይ ይዞታል።

«ልጄ፣ ዕባጭ ሲውል ሲያድር ይብስበታል።»

«ዕባጭ አይደለም፣ አበባ ነው።»

«አበባ ሽታ የለውም እንዴ?» ብሎ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። እያሸተተ ሳለ አክስቴ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ደረሰች።

ጋሼ መቀስ የሌሎቹን ቅጠል ለድስት ሲገፍፍ ስለከረመ መልምሎ ጨርሷቸዋል። ይሄ ግን አጥሩ ሥር ተወሽቆ እጁ አልደረሰበትም፤ መሃሉ ላይ የተጠቀለለ ጡጫ የሚያህል፣ ጥርት ያለ ነጭ አበባ። አክስቴ ተንበርክካ በመዳፎቿ ከበበችው። ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ምን ዋጋ አለው» አለች። «ወንድሜ አጥሩ ውስጥ ነው ያለኝ። ይሄ ያንተ ግቢ ነው።»

ጋሼ መቀስ አገጩን አከከ። «እስቲ ጉጠት አምጡልኝ።»

ምስማሮቹን ነቀልን። ቆርቆሮውን ሦስታችን ተጋግዘን ገፋነው፤ ተክሉን ዞሮ እስኪያልፍ አጎበጥነው፤ አክስቴ በክፍተቱ ወደ ግቢያችን ስትሻገር መልሰን መታነው። የመጨረሻው ምስማር ሲገባ የውጭው በር ተንኳኳ።

አጎቴ ሜትሩን ይዞ ገባ። አበባውን አላየም፤ አጥሩን ነው ያየው።

«ይሄን አጥር እኔ ሳቆመው ቀጥ ያለ ነበር።»

«ዕድሜ ነው» አለ ጋሼ መቀስ ከማዶ። «እኔም ጎብጫለሁ።»

አጎቴ አጎነበሰ። ትኩስ የተመታውን ምስማር በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አበባውን አየ። ከዚያ እህቱን አያት። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ጉልበቷ አፈር ነው፤ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል።

«ጎባጣ አጥር ግድግዳ አያስይዝም» አለና ሜትሩን ኪሱ ከተተ። «ለወርክሾፑ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።»

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም።

«ሃሎ?» አላት አጎቴ።

ከማዶ ጋሼ መቀስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አበባውን ውሰጂ፤ ቅጠሉን ግን በአጥሩ አሳልፊልኝ። ጫማ ጫማ ቢልም ለምጄዋለሁ።»