በባሏ ሰርተፍኬት የመጣችው

የሆስፒታሉን የመረጃ ቋት የምትጠብቀውን ሴት ባልደረቦቿ «በረኛዋ» ይሏታል። ለየሠራተኛው ኮምፒውተር በሠራተኛው ስም ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰርተፍኬት የምታወጣው እሷ ናት። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስምና ልግባ ባዩ የጻፈው ስም ካልገጠሙ ቋቱ አያስገባም፤ እሷም በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ኮምፒውተር፣ በእሳቸው ሰርተፍኬት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ስም ይጻፋል። ቋቱ ይመልሰዋል። ከደቂቃ በኋላ ደግሞ የኃላፊው ስም ተጽፎ በሰላም ይገባል። ሌባ ነው እንዳትል፣ የትኛው ሌባ ነው ሰዓት አክብሮ የሚመጣው? በአምስተኛው ቀን አላስችል ብሏት ግምጃ ቤቱ ወዳለበት ምድር ቤት ወረደች።

ባለሙያዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ኃላፊው ከኋላቸው ቆመዋል።

«የእሷ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ነው» አሉ ኃላፊው። «ባልና ሚስት ነን፣ በእኔ ስም ግቢ ብላት መጀመሪያ የራሷን ካልሞከረች አሻፈረኝ ትላለች።»

«እንደማያስገባ እያወቁ ለምን ይሞክራሉ፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳይነቅሉ «እዚህ ግቢ ሠላሳ ዓመት ‹የግምጃ ቤቱ ሚስት› ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ ማን ነሽ ብሎ የጠየቀኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ልትቆጣ የመጣችው በረኛዋ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሴትዮዋ ስም አዲስ ሰርተፍኬት አወጣችላቸው። ክፍሏ ስትመለስ ደግሞ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ የራሷን ሰርተፍኬት ከፍታ አየችው።

ስም በሚለው ቦታ ላይ፣ በገዛ እጇ፣ «በረኛዋ» ብላ ጽፋ ኖሯል።