ኔቪል ያስሞረደው ጥርስ

ሰው በገዛ እጁ፣ ያውም ሠርግ ደረሰ ብሎ፣ እንጀራው ሳይሆን ነፍሱ የሆነውን ነገር ሲያጣ ያየሁት በኔቪል ነው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በመንደራችን ማርሽ ባንድ እኔ ትልቁን ከበሮ እመታለሁ፤ ጥርስ የማይጠይቅ ሥራ! ኔቪል ዋናው ጡሩምባ ነፊ ነበር። የድንጋይ ከሰል ማውጫው ጉድጓድ ተዘግቶ መንደሩ ጭር ሲል የቀረልን ባንዱ ብቻ ነው፤ ባንዱ ደግሞ እሱ ነው። ሲነፋ፣ እውነቴን ነው፣ ቢራ ቤት የሚደባደብ ሰው እንኳ እጁን ይሰበስባል።

የፊት ጥርሶቹ ግን አንዱ በአንዱ ላይ የተፈናጠጡ ነበሩ። እኛም አንምረውም።

"ኔቪል፣ ጥርሶችህ ተጣልተዋል እንዴ?" እለዋለሁ።

"አንተ ዝም ብለህ ከበሮህን ደብድብ!" ይለኝና አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል።

ልጁ ጄማ ልታገባ ስትል ነገር መጣ። "አባዬ፣ በሠርጌ ፎቶ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ጥርስህን አሳይተህ ብትስቅልኝ?" አለችው። በክፋት አይደለም። እሱ ግን ሄዶ አራት ጥርሱን ቬኒር አስደረገ፤ እንደ ሲኒ ያለ ስስ ልባጥ ጥርስ ላይ የሚለጠፍበት ማለት ነው። ልባጡ እንዲቀመጥ ሐኪሟ ጠንካራውን የጥርስ ቅርፊት፣ ኢናሜሉን፣ ሞረደችው። ጠማማውን ለማቅናት ደግሞ ጠለቅ አድርጋ።

"ይሄ ተመልሶ አይበቅልም፣ አስበህበታል?" ብላ ጠይቃዋለች። አዎ አለ። ጡሩምባ ነፊ መሆኑን ግን ትንፍሽ አላለም! የኛ ነፊዎች እንዲህ ናቸው፤ ከንፈራቸውን እንደ እንቁላል ይጠብቃሉ፣ በብርድ ቅባት ይለቀልቁታል፣ ጥርስን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ኔቪል ሲነፋ ከንፈሩ ዕድሜ ልኩን የተደገፈው በዚያ ጠማማ ጥርስ ላይ መሆኑን ማን ያስብ?

በሠርጉ ሳምንት ልምምድ ላይ ጡሩምባውን አነሳ። ፍሽሽ አለ። ደገመው፤ ድምፅ ወጣ፣ ግን የሱ አልነበረም። ሳቅንበት፣ ይቅር ይበለን። "ይለመዳል" አልነው። ጄማ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሊነፋላት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ሌላ ሰው ነፋላት። ፎቶው ላይ ኔቪል ጥርሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ይስቃል። እኔ ያንን ፎቶ ማየት አልወድም።

ወራት ታገለ። ብርድ ቀን አየር ወደ አፉ ሲስብ ጥርሱን ይጠዘጥዘውና ዓይኑ እንባ ያቀራል። በመጨረሻ "ብቻዬን አልችልም" ብሎ እኔን ይዞ ሐኪሟ ዘንድ ሄደ።

"ልባጡን ንቀይልኝ" አላት። "የራሴን ጥርስ መልሺልኝ።"

"ኔቪል፣ ከሥሩ ያለው እኮ የድሮው ጥርስህ አይደለም። የተሞረደው ተሞርዷል። ልባጡን ባነሳው ሕመሙን አትችለውም። ከእንግዲህ ዕድሜህን ሙሉ ልባጥ ያስፈልግሃል፤ እሱም ሲያረጅ ይቀየራል።"

"እሺ፣ ጠማማ አድርገሽ ሥሪልኝ!"

ሰው ጠማማ ጥርስ ለምኖ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ደነገጠች። ከድሮው ቅርጽ አስመስላ ሠራችለት። ያንን ለመሥራት ጥርሱ እንደገና ተነካካ፤ ከተረፈችው ቅርፊትም ጥቂት ሄደች። መልኩ ቁርጥ የድሮው! ድምፁ ግን አልመጣም። ከንፈሩ ያውቅ የነበረው የፀጉር ስንጣቂ የምታህል ነገር ነው፤ እሷን ከየት ያምጣት?

በባንዳችን መሣሪያው የባንዱ ነው፤ መንፋት ያቆመ ይመልሳል። ኔቪል ጡሩምባውን አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ አመጣው።

"አንተ ሰው፣ ኋላ ረድፍ ተቀመጥና ንፋ እንጂ!" አልነው።

"በዚህ ድምፅ እናንተ መሀል አልቀመጥም" ብሎ ወጣ።

የገና ለት ጠዋት በየደጁ እየዞርን መዝሙር እንነፋለን። እሱም ደጅ ቆምን። ደስ ይለዋል ብለን የሚወደውን መረጥን፣ እኛ ቂሎች! መጋረጃው ንቅንቅ አላለም። ስንጨርስ ሚስቱ ሞሪን ካፖርቷን ደርባ፣ እንደ ወጉ ትኩስ ኬክ በሳህን ይዛ ወጣች። ለሁላችንም አዞረችልን። ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለች።

"ወንድሜ፣ ለከርሞ እባካችሁ በዚህ ደጅ ስታልፉ አትንፉ።"